ንባብ ያለ ማዕርግ፤ የፎገራና የጣና ዳርቻ ልጃገረዶች ትምህርት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ

ንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ በቆየችባቸው ከ1837 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ሠላሳ ዓመታት፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም በአውሮጳ ከተሞች ሥር ሰድዶ ሲስፋፋ፣ በዚያው ዘመን ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በርብና በጉማራ ወንዞች ዙሪያ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳና ሜዳውን ከብበው በሚገኙት አድባራት አጠገብ ትኖር የነበረችው ልጃገረድ ምን ትማር ነበር፣ የት ትማር ነበር፣ የተማረችውስ ወዴት ያደርሳት ነበር የሚለው ጥያቄ እስካሁን የተቋጨ መልስ አላገኘም። ጥያቄውን ያነሡ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ በዚያ ዘመን በፎገራም ሆነ በመላው ቤጌምድር ለልጃገረዶች ብቻ ተብሎ የተሠራ ትምህርት ቤት አይታወቅም። ከዚህ ስምምነት ቀጥሎ ግን መንገዳቸው ይለያያል። አንዳንዶቹ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሴት ልጅ ፈጽሞ የተዘጋ ነበር ይላሉ፤ ሌሎች በገዳምና በመኳንንት እልፍኝ በኩል ገርበብ ብሎ የተከፈተ በር እንደ ነበረ ያስረዳሉ፤ ሦስተኞቹ የሴት ልጅ ትምህርት በእውነት የተጀመረው በባሕር ዳርቻ በተተከሉት የወንጌል መልእክተኞች ቤቶች ነው ብለው ይከራከራሉ፤ አራተኞቹ ደግሞ ፈትልን፣ ስፌትንና የቤት አስተዳደርን ሙሉ ትምህርት አድርገው በመቍጠር የቀረውን ክርክር ሁሉ ከንቱ ያደርጉታል። (በዚህ ዳሰሳ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመናቱ የተቈጠሩት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

ወደ ማስረጃው ከመግባት በፊት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ ብዙው አለመግባባት የሚመጣው እነዚህን ከመቀላቀል ነውና። የመጀመሪያው ማንበብን ከመጻፍ መለየት ነው፤ በአገራችን ትውፊት ንባብ የምእመን ሁሉ በጎ ሥራ ሲሆን ጽሕፈት ግን የጸሐፊዎች ጥበበ እድ ስለ ነበረ፣ ዳዊቱን አጥርቶ የሚደግም ሰው ስሙን መጻፍ ባይችል ነውር አልነበረም። ሁለተኛው ትምህርትን ከትምህርት ቤት መለየት ነው፤ ቤት የሌለው ትምህርት አለ፣ ትምህርት የሌለው ቤትም አለ። ሦስተኛው፣ ከሁለቱም ይልቅ በዚህ ዳሰሳ ክብደት የተሰጠው፣ ዕውቀትን ከማዕርግ መለየት ነው፤ አንድ ልጅ ተምሮ ዐዋቂ መሆኑ አንድ ነገር ሲሆን፣ ያ ዕውቀቱ ወደ ሹመት፣ ወደ እንጀራና ወደ ወንበር የሚያደርሰው መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው።

የስፍራውና የዘመኑ መልክ

ዛሬ ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ግን በዚህ አካባቢ ስማቸው የሚጠራው ስፍራዎች ሌሎች ነበሩ። በስተ ሰሜን የቀረጥ በርና ታላቅ ገበያ የነበረችው ይፋግ፣ በሐይቁ ዳር የገዳምና የነጋዴ ከተማ የነበረችው ቆራጣ፣ በደጋው በኩል የራስ ዐሊና በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦር፣ ወደ ደቡብም ማኅደረ ማርያም፣ ሜዳውን በአራቱ ማዕዘን እንደ ዐጥር ከበውት ነበር። ከሜዳው የሚነሣ ተማሪ በጥቂት ቀን መንገድ ከአገሪቱ እጅግ ከፍ ወዳሉት የትምህርት ወንበሮች ይደርስ ነበር፤ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለአቋቋም ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎንደር። ስለዚህ የዚህ አገር ልጃገረድ ትምህርት ያጣችው ትምህርት በሌለበት በረሃ ውስጥ ስለ ተወለደች አይደለም። የዜማና የአቋቋም ምንጭ በሚፈልቅበት አገር ተወልዳ ነው ከምንጩ ሳትጠጣ ያደገችው፤ ለዚህም ነው ጥያቄው በፎገራ ላይ ሲነሣ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚከብደው።

ዘመኑም የጸጥታ ዘመን አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ሠራዊት ጎንደርን መዝብሮ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ክፉ ቀን የከብት በሽታን አስቀድሞ፣ ረኀብንና ወረርሽኝን አስከትሎ፣ በከብት ሀብቱ የታወቀውን አገር ባዶ አስቀረ። በሬ ባለቀበት አገር ተማሪን የሚመጸውት ገበሬ አይገኝምና ጕባኤ ቤቶችም ተፈቱ። የትምህርትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን መከራ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ሴቶች ልጆች በየአድባራቱ ይማሩ አይማሩ እንደ ነበር ሊመሰክሩ ይችሉ የነበሩት ሰዎችም መጻሕፍትም በብዛት የጠፉት በነዚያ ዓመታት ስለ ሆነ፣ ዛሬ የምናገኘው ዝምታ ከመከራው በኋላ የቀረ ዝምታ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የተማሪ እግርና የልጃገረድ እግር

በር ፈጽሞ ተዘግቶ ነበር የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃ ጠንካራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በየኔታ እግር ሥር ከፊደል ይጀምራል፤ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌለ ዮሐንስ አልፎ መዝሙረ ዳዊትን በመድገም የመጀመሪያውን ደረጃ ይፈጽማል። ከዚህ በላይ ያለው ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ግን በስደት የሚማሩት ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አቆፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ እየተከላከለ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከመንደር መንደር ለምኖ፣ በጎጆ ውስጥ አድሮ፣ ከአንዱ ሊቅ ወደ ሌላው ሊቅ እየተሻገረ ዓመታትን ይፈጃል። ከዘመድ መራቅ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው፤ ስለ ሥጋ ማሰብ ከዜማውና ከቅኔው ያናጥባል ተብሎ ይታመናልና።

ይህ ሥርዐት ሴትን የከለከለው በዐዋጅ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ሴት ልጅ ዳዊት አትድገም የሚል ቀኖና የለም፤ ነገር ግን ልጃገረድ ብቻዋን በዱር በገደል እንድትጓዝ፣ በማታውቀው መንደር እንድትለምን፣ ከወንዶች ጋር በአንድ ጎጆ እንድታድር የሚፈቅድ ወላጅም የሚታገሥ ማኅበረ ሰብም አልነበረም፤ ጠለፋ በነበረበት አገር ሥጋቱም እውነተኛ ነበር። በዚህ ላይ የልጅነት ጋብቻ ይጨመርበታል፤ ወንዱ ልጅ ወንጌለ ዮሐንስን በሚፈጽምበት ዕድሜ እኅቱ ታጭታ ወይም ወደ አማቶቿ ቤት ተወስዳ ትገኝ ነበር። ስለ ሥርዐተ ንጽሕ ተብሎ በወሩ የተወሰኑ ቀናት ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን መራቋም፣ ትምህርቱ በየደጀ ሰላሙና በየዛፉ ጥላ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ የትምህርቱን ሰንሰለት ይበጥስባት ነበር።

በቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ሴት በጉባኤ ዝም ትበል፣ ታስተምርም ዘንድ አይፈቀድላት የሚለውን ሐሳብ ለክልከላው ዋና ምክንያት አድርገው የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። የመልእክቱን መንፈስ ልብ ብሎ የሚያየው ሰው ግን ለጢሞቴዎስ በተጻፈው በዚያው ምዕራፍ መማር የተፈቀደ፣ ማስተማር ግን የተከለከለ መሆኑን ያገኛል። በአገራችንም ልማዱ በዚሁ መሥመር የሄደ ይመስላል፤ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው የሕዝብ ምሳሌ ራሱ ሴቲቱ ልታውቅ እንደምትችል አምኖ፣ የዕውቀቷን ፍጻሜና ሥልጣን ግን ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በሩ ለንባብ ሳይሆን ለማዕርግ ነበር የተዘጋው። ወንዱ ልጅ ሲማር ዲያቆን፣ ቄስ፣ መሪጌታ፣ አለቃ ሊሆን ነው፤ ወላጆቹም ከከብት ጥበቃና ከእርሻ የሚለዩት ይህን ተስፋ አድርገው ነው። ለሴቷ ልጅ የትምህርቷ መድረሻ ስላልታየ፣ ከእንዝርቷና ከወፍጮዋ የሚለያት ምክንያት አልተገኘም።

ገዳምና እልፍኝ

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር የሚሉት ወገኖች ማስረጃቸውን የሚጀምሩት ከሜዳው እጅግ ከማይርቀው ከቆራጣ ነው። በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፣ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ከባለቤቷ ተለይታ መንኵሳ በጣና ዙሪያ ማኅበራትን ያቋቋመችና የመራች ስትሆን፣ በስሟ የከበረው የቆራጣ ገዳም እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ የመማጸኛ ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። ከእርሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስም ሴት መነኵሲት ናት። መጻሕፍት የሚነበቡበት፣ ጸሎተ ሰዓታት የሚደረስበት፣ ወጣት ደናግል ከአረጋውያን እናቶች ሥርዐተ ምንኵስናን የሚቀበሉበት ማኅበር ከሆነ፣ ትምህርት ቤት ተብሎ ባይጠራም የትምህርት ቤትን ሥራ ሠርቷል ማለት ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ስለ ሴቶቹ ዕውቀት ዋናው ምስክር የሆነው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ራሱ የነገሩን ሁለት ገጽታ ያሳያል። መጽሐፉ በ1672 በመነኵሴው በገላውዴዎስ እጅ የተጻፈ ሲሆን፣ ታሪኩን ያቈዩት ግን ቅድስቲቱን ያወቁ ማኅበርተኞች፣ በተለይም እናቶች ናቸው፤ ትዝታው የሴቶቹ፣ ብዕሩ የወንዱ ሆነ። አንዳንዶች ይህን የሴቶቹን ዕውቀት ታላቅነት ማስረጃ ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ በሴት በተመራ ገዳም ውስጥ እንኳ ጽሕፈት የወንድ ሥራ ሆኖ መቅረቱን ያሳያል ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ማስረጃው በ17ኛው መቶ ዘመን ላይ የቆመ መሆኑም ሌላ ችግር ነው፤ በገዳሙ የነበረው ሥርዐት እስከ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሳይጓደል ዘልቋል ብሎ መናገር ከማስረጃው በላይ መሄድ ይሆናል።

የእልፍኙ ትምህርት ከጥያቄያችን ዘመን ጋር ይበልጥ የተቃረበ ነው። የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ እልፍኛቸው በገቡ ጊዜ ዳዊት እየደገሙ ስለ ነበር ቀና ብለው እንዳልተቀበሏቸውና ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው ብለው እንደ መለሱ የሚነገረው ታሪክ፣ ዝርዝሩ እንዳለ ቢታመን ባይታመንም፣ ወይዘሮ ዳዊት ስትደግም መገኘቷ ለዘመኑ ሰው እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ያመለክታል። ከእርሳቸው ይልቅ ምስክርነቱ የተሟላው በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ላይ ነው። በ1851 አካባቢ ተወልደው በ1918 ያረፉት እቴጌይቱ በጎጃም በደብረ መዊ ገዳም አጠገብ አድገው ግእዝ የተማሩ፣ አማርኛ የሚያነቡና የሚጽፉ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሴት እንደ ነበሩ በብዙዎች ተጽፏል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በለንደን ከሚገኙት ወይዛዝርት ጋር ቢመዛዘኑ በሥነ ጽሑፍና በሙዚቃ የሚያንሱ አልነበሩም፤ በፖለቲካ ብልሃት ደግሞ ውጫሌንና ዐድዋን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል።

የክርክሩ አንጓ ግን እዚህ ላይ ነው። የመኳንንት ልጅ የተማረችው መምህር ወደ ደጃፏ ስለ መጣላት፣ ወይም ቤተ ሰቧ ከገዳም አስተዳደር ጋር ስለ ተዛመደ ነው። መለመንም መንገድ መሄድም አላስፈለጋትም፤ የትምህርቷም መድረሻ በትውልዷ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ቤተ መንግሥት፣ ርስተ ጉልት፣ ወይም ምንኵስና። ከዚህ ተነሥቶ የፎገራ ገበሬ ልጅም ልትማር ትችል ነበር ማለት፣ አንድ ሰው በበቅሎ ስለ ተሻገረ ወንዙ ለእግረኛ ጎዶሎ ነበር እንደ ማለት ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚህን ሴቶች እንደ ልዩ ተአምር ቈጥሮ ማለፍም አይገባም፤ የአንድ ሴት ንባብ በቤቷ ላሉት ልጃገረዶች፣ ለደንገጡሮቿና ለእኅቶቿ ልጆች ይተርፍ እንደ ነበረ መገመት ተገቢ ነው፤ ምን ያህል ይተርፍ እንደ ነበረ ግን ሊቃውንቱ የሚለያዩበት ነጥብ ነው።

በኋላ ዘመን በጎጃም ጽላሎ፣ ዓይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ማስተማራቸው ለዚህ ክርክር አዲስ መብራት ሰጥቶታል። ሴት የቅኔ መምህርት መሆን አትችልም የሚለውን የእርሳቸው ሕይወት አፈረሰው፤ መምህራቸው የገዛ አባታቸው መሆኑ ደግሞ የስደቱ ሥርዐት ዋናው ዕንቅፋት ነበር የሚለውን አስተያየት ያጠናክራል፤ ጕባኤው በቤቷ ውስጥ ለነበረላት ልጅ መንገዱ ተከፍቶላታልና።

ጋፋት፤ አንጥረኛ የተፈለገበት ዘመን

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በዚህ ጥያቄ ውስጥ የምትይዘው ስፍራ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የወጡት የወንጌል መልእክተኞች፣ ዋልድማየርና ጓደኞቹ፣ በ1850ዎቹ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ሊያስተምሩ አስበው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮጳውያን የፈለጉት ግን መድፍ የሚያፈስ እጅ ስለ ነበረ፣ ጋፋት የሴባስቶፖል መድፍ የተሠራባት የብረት ማቅለጫ ሆነች፤ በ1866 ከመልእክተኞቹ አንዱን ፍላድን፣ ባለቤቱንና ልጆቹን በአገር አስቀርተው ወደ እንግሊዝ የላኩትም የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን እንዲያመጣላቸው ነበር። ከፎገራ ሜዳ የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ የአውሮጳ ሴቶች ከነልጆቻቸው ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ ግን ለአገሬው ልጃገረዶች የቆመ ትምህርት ቤት አልተረፈም።

ከጋፋት የተረፈው ፍሬ የታየው በባዕድ አገር ነው። የንጉሡ ታማኝ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ሱዛን ቤል ዋልድማየርን አግብታ፣ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ከባሏ ጋር ወደ ሊባኖስ ሄደች፤ በ1873 በብሩማና ተራራ ላይ የክዌከሮች ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ በኋላም ለልጃገረዶች ማደሪያ ያለው ቤት በዚያው ሲከፈት፣ የዚህ ሥራ መሥራች ባለቤትና ረዳት ነበረች። የኢትዮጵያ ደም ያላት ሴት የሊባኖስ ልጃገረዶች በሚማሩበት ቤት እናት ስትሆን፣ የቤጌምድር ልጃገረዶች ያለ ቤት መቅረታቸው የሚያሳዝን ነገር ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በንጉሡ ላይ ያደርጉታል፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አገሩን አንድ ለማድረግ በየዓመቱ ይዋጉ የነበሩት ንጉሥ መድፍን ማስቀደማቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ቤተ እስራኤልን ለማስተማር የመጡት መልእክተኞችም ቢሆኑ አስቀድመው የፈለጉት ወንዶች ሰባኪዎችን ማፍራት ነበር።

ምንኩሉ፤ ከይፋግ የወጣው ልጅና ከባርነት የወጣችው ልጅ

በ1866 ወደ ምጽዋ የመጣው የስዊድን ወንጌላዊ መልእክት በዚያው አጠገብ በምንኩሉ ያቆመው ማዕከል፣ ለሴት ልጅ ትምህርት የመጀመሪያው እውነተኛ ቤት ነበር በሚሉት ዘንድ ዋናው ማስረጃ ነው። በከረን ደግሞ የካቶሊክ ደናግል ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልጃገረዶችን ይሰበስቡ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በሃይማኖት አንድነት ላይ ጽኑ ስለ ነበሩ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ይልቁንም፣ እንዲህ ያለ ቤት በደጋው አገር ሊተከል አልቻለም፤ ስለዚህ ትምህርቱ በባሕር ጠረፍ ተወስኖ ቀረ።

ከፎገራ አካባቢ ወደ ምንኩሉ የደረሰ ስመ ጥር ሰው አለ፤ እርሱም በይፋግ የተወለደው አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ነው። በልጅነቱ ወደ ምጽዋ ወርዶ በስዊድኖች ዘንድ ተማረ፤ የአገሩንም የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት አክሎ በምንኩሉ የታተመውን መጽሐፈ ሰዋስው ደረሰ፤ ከ1905 ጀምሮም በበርሊን ግእዝና አማርኛ አስተማረ። እኅት ብትኖረው ኖሮ ይህን መንገድ ልትሄድ ትችል ነበርን? ከይፋግ እስከ ባሕር ያለውን ቆላና ደጋ ሴት ልጅ በነጻነት የምትሻገርበት ምክንያት አልነበረም። በባሕሩ ዳር የተገኙት ልጃገረዶች ከሩቅ አገር የመጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን ያደረሳቸው ምርጫ ሳይሆን የባሪያ ንግድ ነበር።

ከእነዚህ አንዲቱ አስቴር ገኖ ናት። ከኦሮሞ ምድር ተማርካ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከብ አስጥሏት በምንኩሉ ገብታ ተማረች። በዚያ የነበረው ኑሮ ጸሎት፣ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ስፌትና የቤት ሥራ በሰዓት የተመደበበት፣ በአንድ ቤት አድሮ በአንድ ማእድ የሚበላበት ነበርና፣ በዘመኑ ከነበሩት የአውሮጳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጋር በሥርዐቱ ይመሳሰል ነበር። አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን በብዛት ሰበሰበች፤ አምስት መቶ ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌዎችን ከትዝታዋ ጻፈች፤ ከተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጀች፤ በ1899 ለታተመው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕምም የቋንቋ ዐምድ ነበረች። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ ልጆችን አስተማረች።

ምንኩሉ ከገዳሙና ከእልፍኙ የተለየው በምን ነበር? የሚማሩት ነገር እጅግ የራቀ አልነበረም፤ እዚህም እዚያም ዳዊትና ወንጌል ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ ጽሕፈት ከንባብ ጋር አብሮ ለሴት ተሰጠ፤ ሁለተኛ የተማረችው ልጅ መምህርትና ተርጓሚ ልትሆን ተቻለ፤ ይኸውም ዕውቀቷ ሥራና ማዕርግ ወለደ። ተቃዋሚዎቹ ይህ ቤት ልጆቹን ከአባቶቻቸው ሃይማኖት ይለይ እንደ ነበር፣ የሚገቡበትም ዘመድ የሌላቸው ስለ ነበሩ ለሀገር ልጅ አብነት ሊሆን እንደማይችል ይናገራሉ፤ ይህ ነቀፌታ ቀላል አይደለም፤ ለደጋው ወላጅ ልጁን ለትምህርት መስጠት ሃይማኖቷን ከማሳጣት ጋር አንድ ሆኖ ታይቶታልና፣ የሴት ትምህርት በቤጌምድር እንዲዘገይ አንድ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም።

በእንግሊዝ የነበረው ክርክር

ብዙ ሰው የቪክቶሪያን ዘመን ትምህርት ቤት እንደ ፍጹም ምሳሌ ያየዋል፤ ይህ ግን ታሪኩን አለማወቅ ነው። ፍራንሲስ ሜሪ በስ በ1850 የሰሜን ለንደንን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ ዶሮቴያ ቢልም ከ1858 ጀምሮ የቼልተናምን ኮሌጅ ስትመራ፣ ለሴት ልጅ ሒሳብና ላቲን ማስተማር ምን ይጠቅማል የሚል ተቃውሞ ይገጥማቸው ነበር። ሐኪሙ ሄንሪ ሞድስሊ በ1874 ብዙ ጥናት የሴትን አካል ይጎዳል ብሎ ጻፈ። በተማሪ ቤቶቹ ውስጥ በመተላለፊያ መነጋገር ይከለከል፣ ልጃገረዶቹ በዝምታ ይሰለፉ፣ ከሥነ ቍጥሩ ጎን ስፌት ይማሩ ነበር።

በዚያም ቢሆን የክርክሩ ፍሬ ነገር ማዕርግ ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1878 ለሴቶች ዲግሪ ፈቀደ፤ ካምብሪጅ ግን ከ1881 ጀምሮ ሴቶችን ለፈተና ቢያስቀምጥም ዲግሪውን ከለከለ። በ1890 ፊሊፓ ፎሴት በሒሳብ ፈተና ከአንደኛው ወንድ በላይ ሆና ሳለ የዲግሪ ማዕርግ አልተሰጣትም፤ ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው። ዕውቀት ተፈቅዶ ማዕርግ የተከለከለባት ሴት በጣና ዳር ብቻ አልተገኘችም፤ ልዩነቱ በእንግሊዝ ተቃውሞውን የሚያነሡ ማኅበሮች፣ ጋዜጦችና ገንዘብ መኖራቸው ነበር።

እንዝርቱን ትምህርት ማለት ይቻላልን?

አራተኛው አቋም የቤት ውስጥ ሥልጠናን ሙሉ ትምህርት ያደርጋል። የፎገራ ልጃገረድ ጥጥ መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ ባዘቶ ማውጣት፣ በእንዝርት ድርና ማግ መፍተል፤ አለላ ነክራ ሙዳይ፣ አገልግልና መሶብ መስፋት፤ ጠላ መጥመቅ፣ ቅቤ መናጥ፣ የዘር ጎተራ መጠበቅ፤ የልቅሶ ግጥም መደርደር፣ የዘመድ ሐረግ መቍጠር ትማር ነበር። የስፌት ንድፍ በቍጥርና በልክ የሚሠራ እንደ መሆኑ የሒሳብ አእምሮን ይጠይቃል፤ ሙሾ አውራጅነትም የቅኔ ዘመድ የሆነ ጥበብ ነው። ይህን ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ ማስተላለፍ ትምህርት አይደለም የሚል ሰው አገሩን አያውቅም።

ነገር ግን በዚህ አቋም ውስጥ አደጋ አለ። ሁሉም ነገር ትምህርት ከሆነ፣ ከመጽሐፍ መለየቷ በደል መሆኑ ይሰወራል። ሽመናን ያወቀ ወንድ ንባብ ቢሻ የሚከለክለው አልነበረም፤ ፈታይዋ ግን ንባብ ብትሻ መድረሻ አልነበራትም። ደግሞም ይህ ሥልጠና ለጋብቻ ገበያ እንጂ ለልጅቱ ነጻነት የታሰበ አልነበረም፤ ፈትሏ መልካም መሆኑ የሚመሰገነው በአማቶቿ ዘንድ ነው። ስለዚህ ጥበበ እድን ማክበርና ጥበበ እድ የመጽሐፍ ምትክ ሆነ ብሎ መቀበል አንድ አይደሉም።

ከዐዋጅ እስከ ደጃፍ

በ1906 ዳግማዊ ምኒልክ ወንድም ሴትም ልጆች ከስድስት ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ማዘዛቸው ይጠቀሳል፤ በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ግን የወንዶች ነበር፤ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 ነው። በዚህ መካከል በቤጌምድር ራስ ጉግሣ ወሌ ይገዙ ነበር፤ ባለቤታቸው የነበሩት ኋላ ንግሥት የሆኑት ዘውዲቱ በጸሎትና በመጽሐፍ የታወቁ ሲሆኑ፣ ከእልፍኛቸው ወደ ሜዳው የተሻገረ ትምህርት ቤት አልታየም። ለገጠሩ ሴት ሰፊው በር የተከፈተው ብዙ ቆይቶ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ልጅ አዝላ ፊደል የቈጠረች እናት በየቀበሌው የታየችው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ በፎገራ የሚደረገው ክርክር ዕቃው ተለውጦ ቅርጹ ግን ጸንቷል። ሜዳው የከብት አገር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ሩዝ ደግሞ ብዙ አረም ስለሚጠይቅ የልጃገረዶችን ጉልበት በክረምት ይሻማል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ይቋረጣል። የክልሉም የአገሪቱም የቤተ ሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ቢወስንም፣ ልማዱ ከሕጉ ጋር እስካሁን ይታገላል። አንደኛው ወገን ትምህርት ቤት በቅርብ ከተሠራ ልጃገረዲቱ ትማራለች ይላል፤ ሌላው ቤቱ ቢሠራም የትምህርቷ መድረሻ ለወላጅ ካልታየ ከጋብቻ አያስጥላትም ይላል። ይህ ሁለተኛው አስተያየት ከላይ በየኔታና በምንኩሉ ታሪክ ካየነው ጋር ይስማማል፤ የአንደኛውም ሐሳብ ቢሆን የተማሪን ስደት ለሚያስታውስ ሰው የሚናቅ አይደለም።

ከታሪኩ ወገን ያልተፈታው ዋና ነገር የምስክሩ ዐይነት ነው። በሐይቁ ዳርና በደጋው አድባራት በሚገኙት የብራና መጻሕፍት ጫፍና መጨረሻ ላይ፣ ዳዊት ያስጻፉ፣ ገድል የገዙ፣ መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን የሰጡ ሴቶች ክርስትና ስማቸው ተጽፎ ይገኛል። ያስጻፈች ሁሉ አንባቢት ናት ማለት አይቻልም፤ አንባቢት አልነበረችም ማለትም እንዲሁ አይቻልም። ይህን ለመለየት የእጅ አሻራ ያረፈባቸውን ገጾች፣ ለግል ጸሎት የተዘጋጁትን አነስተኛ መጻሕፍትና በጸሎቱ ውስጥ ለሴት ጾታ የተለወጡትን ቃላት፣ ማለት ገብርከ በሚለው ፈንታ አመትከ ተብሎ የተጻፈበትን ስፍራ፣ ደብር በደብር መቍጠር ያስፈልጋል፤ ከቆራጣ ቢጀመር፣ ወደ ማኅደረ ማርያምና ወደ ደብረ ታቦር ቢቀጠል፣ ከክፉ ቀን በፊት የተጻፈው ከክፉ ቀን በኋላ ከተጻፈው ተለይቶ ቢመዘገብ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር በሚሉትና ተዘግቶ ነበር በሚሉት መካከል ያለው ክርክር ከግምት ወደ ቍጥር ሊሸጋገር ይችላል።